ላፕቶፑ ቀጠነ፣ ብሎኑ ጠፋ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ጽሑፉ ስለ ላፕቶፕ ነው። ግን ያው የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ወደ ኋላ መሄዴ አይቀርም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ከደረሰኝ መልእክት ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የምትማር ልጅ፣ «ቲቸር፣ ያ ላፕቶፕ አልሆነኝም» ብላ ጻፈችልኝ። ላፕቶፑን አውቀዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ እቁብ ሲደርሳቸው ሁለት ምርጫ ይዛ መጥታ ያማከረችው እኔን ነው። አንዱ ወፈር ያለ፣ ያገለገለ፣ ጥግ ጥጉ የተፋፋቀ። ሌላው ቀጭን፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «አዲሱን ያዢ፣ አሮጌ ነገር ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ራሙ 4 ጂቢ ብቻ መሆኑ አሳስቧት ስትጠይቀኝም «ራም እኮ በኋላ ይጨመራል» ብዬ አረጋጋኋት።

አሁን የትምህርቷ ሶፍትዌሮች ከበዱት። ጥገና ቤት ወሰደችው። ባለሙያው ከፈተው፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ሌላ የሚሰካበት ቦታም የለውም። «ቲቸር፣ ይጨመራል ብለውኝ ነበር እኮ» የምትለዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ወቀሳ አልነበረችም፤ እሷ ጨዋ ልጅ ናት። ለዚህም ይመስለኛል የከበደችኝ።

ለምን ተሳሳትኩ? የራሴን እያየሁ ስለመከርኳት ነው። እኔ ያለኝ ያገለገለ ቲንክፓድ ነው። ራም ጨምሬበታለሁ፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ አስገብቼበታለሁ፣ ባትሪውንም ቀይሬያለሁ። ላፕቶፕ ሁሉ እንደዚያ የሚከፈትና የሚዘጋ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ሳላይ ዓለም ተቀይሯል። የታሪክ አስተማሪ ሆኖ እንዲህ መሳሳት ትንሽ ያሳፍራል። ስለዚህ ሳምንቱን ስለ ላፕቶፕ ለውጦችና ሰዎች ስለሰጡት ምላሽ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከቲንክፓድ እንጀምር። አይቢኤም የመጀመሪያዎቹን ቲንክፓዶች ያወጣው በ1992 ነው። ጥቁር፣ ማዕዘናማ፣ በቁልፎቹ መሃል ቀይ ነጥብ ያለባት። ንድፉ ላይ የሠራው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሳፐር ሲሆን፣ መነሻ የሆነው የጃፓኖቹ የምሳ ሳጥን ነበር ይባላል፤ ከላይ ድፍን ጥቁር፣ ሲከፈት ሁሉም ነገር በየቦታው። በ2005 የአይቢኤም የፒሲ ክፍል ለቻይናው ሌኖቮ ተሸጠ። ያኔ ብዙ ተጠቃሚዎች «አለቀ፣ ይበላሻል» ብለው ነበር። ለተወሰኑ ዓመታት ግን ብዙም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በ2012 ነው። ሰባት ረድፍ የነበረው የቲንክፓድ ኪቦርድ ስድስት ረድፍ ሆነ፤ የቁልፎቹም ቅርጽ ተቀየረ። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? በዚያ ኪቦርድ ለዓመታት የሠራ ሰው ግን ጣቱ መንገዱን ለምዷል፤ ሳያይ ነው የሚመታው። ቅሬታው ወዲያው ተነሳ። አንዳንዶቹ ከማጉረምረም አልፈው የድሮውን ሞዴል ኪቦርድ ነቅለው፣ ጥቂት አስተካክለው፣ አዲሱ ላይ ገጠሙት።

ቀጥሎ የባሰ መጣ። በ2013 በወጣው ቲ440 ላይ ከቀይዋ ነጥብ ጋር የሚሠሩት ሦስት አዝራሮች ለብቻቸው መቆማቸው ቀረና ከመዳሰሻው ጋር ተዋሃዱ። በ2014 ደግሞ በኤክስ1 ካርቦን ላይ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉት ቁልፎች ወጥተው በሚነካ መስመር ተተኩ። በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ከባድ ነበር። ሌኖቮም ሰማ። በ2015 በወጡት ሞዴሎች ሦስቱ አዝራሮች ተመለሱ፤ የኤፍ ቁልፎችም ተመለሱ። የቲንክፓድ ንድፍ ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ሂል በዚያው ዓመት ተጠቃሚዎችን «የድሮው ቢመለስ ምን ምኑን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ በሰፊው ጠየቀ። በ2017፣ ለ25ኛ ዓመቱ፣ ሰባት ረድፍ ኪቦርድ ያለው ልዩ ቲንክፓድ ወጣ።

አፕልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ2015 ቀጭን ላፕቶፕ ለመሥራት ሲል «ቢራቢሮ» የተባለ በጣም አጭር ቁልፍ ይዞ መጣ። ትንሽ ብናኝ ከገባበት ቁልፉ ይደርቃል፣ ወይም አንዴ ሲመቱት ሁለቴ ይጽፋል። በ2016 ማክቡክ ፕሮው የኤችዲኤምአይ፣ የሜሞሪ ካርድና የተለመደው ዩኤስቢ ማስገቢያ አጣ፤ ማግኔት የነበረው የቻርጀር መሰኪያም ቀረ። ሰው ከላፕቶፑ ጋር የአዳፕተር ቦርሳ መሸከም ጀመረ። ቅሬታው ሲበረታ አፕል የአዳፕተሮቹን ዋጋ ቀነሰ። በ2018 የተበላሹ ኪቦርዶችን በነጻ መጠገን ጀመረ፤ በዚያው ዓመትም ተጠቃሚዎች ተሰባስበው ከሰሱት። በ2019 የቀድሞውን ዓይነት ቁልፍ መመለስ ጀመረ። በ2021 ኤችዲኤምአዩም፣ ካርዱም፣ ማግኔቱም ተመለሱ። ክሱ በ2022 በ50 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንድ ሰው ስለ አዲስ ዕቃ ሲያጉረመርም «ለውጥ የማይወድ፣ ኋላ ቀር» ማለት ይቀናናል። እኔ ራሴ ለዚያች ልጅ «አሮጌ ነገር» ያልኳት በዚያ ስሜት ነው። ግን በሁለቱም ታሪክ ቅሬታ አቅራቢዎቹ ትክክል ነበሩ። ዕቃውን በየቀኑ የሚሠራበት ሰው፣ የነደፈው የማያውቀውን ነገር ያውቃል። አምራቾቹም ወደ ኋላ በመመለሳቸው ይህንን በተግባር አምነዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የተመለሰውን ስታዩ ኪቦርድ፣ አዝራር፣ መሰኪያ ነው፤ አዲስ ገዝቶ የሚጠቀም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየው ነገር። በዚያው ጊዜ በጸጥታ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም የላፕቶፑ ሆድ ነው። ባትሪው ከውጭ በጣት ተጭኖ የሚወጣ ነበር፤ ወደ ውስጥ ገባ። ራሙ የሚሰካ ነበር፤ ተበየደ። በቲንክፓድ እንኳ በ2018 የወጣው ቲ480 ከውጭ የሚወጣ ባትሪና ሁለት የራም ማስገቢያ ነበረው። ተከታዩ ቲ490 ባትሪውን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ከራሙም ከፊሉን በየደ። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትሸጡና የምትገዙ ሰዎች ቲ480 እስካሁን ለምን እንደሚወደድ አሁን ይገባችኋል። ይህንንም የሚቃወሙ ሰዎች በውጭ አገር ነበሩ፤ ጠጋኞች፣ የመጠገን መብት የሚሉ ተሟጋቾች። ሁለት የራም ማስገቢያ በዚያ መስመር የተመለሰው ግን በ2024፣ በቲ14 አምስተኛው ትውልድ ላይ ነው። ኪቦርድ ለማስመለስ ሦስት አራት ዓመት በቃ። ሆዱን ለማስመለስ ከዚያ በላይ ፈጀ።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የሆዱ ጉዳይ በዋናነት የሚነካው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ባለቤት ስለሆነ ነው። አሜሪካ ያለ መሥሪያ ቤት ላፕቶፑን ሦስት አራት ዓመት ይሠራበትና ይሸጠዋል። ዱባይ ይደርሳል። ከዚያ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ መገናኛ ወይም መርካቶ ይመጣል። የእኛ ተማሪ ሲገዛው አምስት ዓመት ሆኖታል። ባትሪ የሚደክመው፣ ራም የሚያንሰው ያኔ ነው። አምራቹ በዚያን ጊዜ ሦስት አዳዲስ ሞዴል አውጥቷል። እኛ ደግሞ ለአምራቹ ደንበኛ አይደለንም፤ ቅሬታችንን የምንነግረው ለጠጋኙ ነው። ጠጋኙም የተበየደውን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል።

ኑሯችንም ሌላ ነው። እነሱ ጋ «ቀጭን» ማለት ቦርሳ ላይ የማይከብድ ማለት ነው። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ የባትሪ ዕድሜ ነው ቁም ነገሩ። እነሱ ጋ ቪጂኤ የተባለው ሰማያዊ መሰኪያ ሙዚየም ገብቷል። እኛ ትምህርት ቤት ፕሮጀክተሩ አሁንም የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ይዞ የመጣ መምህር አዳፕተር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። የእኔን ወፍራም ቲንክፓድ ሲያሾፉበት የነበሩ ባልደረቦቼ ፕሮጀክተር የሚያስፈልግ ቀን «እስቲ ያቺን ሳጥንህን» ይሉኛል።

ይህ እኛን ሳያስብ የተሠራ መሣሪያ ጉዳይ ግን በላፕቶፕ አልተጀመረም። አያቶቻችንም አይተውታል፤ በጽሕፈት መኪና።

አስቡት። የጽሕፈት መኪና ከአርባ ብዙም የማይበልጥ ቁልፍ ያለው፣ ለላቲን ፊደል የተሠራ መሣሪያ ነው። ሃያ ስድስት ፊደል በትልቁና በትንሹ ይበቃዋል። የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ እነ ቋንና ኳን ሳንጨምር። እንዴት ይግባ? የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሳው መሐንዲስ አያና ብሩ ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን መክፈል ነበር፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ የካዕቡ የሳልሱ ቅጥያ በሌላ ቁልፍ። ሁለት ጊዜ ተመትቶ አንድ ፊደል ይወለዳል። ትልቅ ብልሃት ነው። ግን የተወለደው ፊደል የቄሱ ፊደል አልነበረም። ቅጥያው አንዳንዴ ርቆ፣ አንዳንዴ ተደርቦ ይቀመጣል። የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔም በልጅነቴ ደርሼበታለሁ። የትምህርት ቤታችን ፈተና በታይፕ ተመትቶ በስቴንስል ይባዛ ነበር። የአንድ ፊደል ቅጥያ በደንብ ሳትወጣ ቀርታ ክፍሉ በሙሉ «ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ እጁን ሲያወጣ ትዝ ይለኛል።

ያን ጊዜ የተነሳው ክርክር ነው የሚገርመው። አንዱ ወገን «ፊደላችን በዝቷል፣ ለመኪና አይመችም፣ እንቀንሰው፣ እናሻሽለው» አለ። ፊደል የማሻሻል ሐሳብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደጋግሞ ተነስቷል፤ የጽሕፈት መኪናውም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ሌላው ወገን «መኪናው ለፊደሉ ይመች እንጂ ፊደሉ ለመኪናው አይቆረጥም» አለ። ያኔ ሁለተኛውን ወገን ኋላ ቀር ማለት ቀላል ነበር። ግን ምን ሆነ? መኪናው አልፎ ኮምፒውተር መጣ። መጀመሪያ ላይ እሱም አስቸገረን፤ በፓወር ግዕዝ የተጻፈውን ፓወር ግዕዝ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ የሚመጣውን ትርምስ የማያስታውስ አለ? ከዚያ በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዛሬ በስልካችን 231ዱንም፣ እነ ቋንም ጨምሮ፣ ያለ ምንም መቁረጥ እንጽፋለን። መኪናው ቢመች ብለን ፊደላችንን ቆርጠን ቢሆን ኖሮ መኪናው ሲሄድ የተቆረጠው ብቻ በቀረን ነበር።

ለእኛ ታስቦ የተሠራ ላፕቶፕ አልነበረም ወይ? አንድ ጊዜ ነበር። በ2005 የኤምአይቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «መቶ ዶላር ላፕቶፕ» የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ፤ ለድሃ አገር ሕፃናት። መጀመሪያ የታየው ናሙና በእጅ እየተዘወረ ኃይል የሚያገኝበት እጀታ ነበረው፤ እጀታው በኋላ ቀረ። ዋጋውም መቶ ላይ አልቆመም፣ ወደ ሁለት መቶ ተጠጋ። ኤክስኦ የተባለችው ይህች አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ በ2008 አገራችንም መጣች፤ አምስት ሺህ ያህል። ለኢትዮጵያ የተዘጋጀው ኪቦርዷ የአማርኛ ፊደል የታተመበት ነበር። ስክሪኗ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ልጅ ራሱ በካቻቪቴ ሊፈታት ይችላል። እኔን የገረመኝ ግን ይህ ነው፤ መያዣዋ ውስጥ ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠውላታል። የነደፋት ሰው፣ ብሎን እንደሚጠፋና ልጁ ያለበት ቦታ ሱቅ እንደሌለ አስቧል ማለት ነው።

እሷስ ተሳካላት? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ልጆቹ ወደዷት፤ ካሜራዋን በተለይ። መምህራን ግን ተቸገሩ። ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ፎቶ ሲያነሳና ሲጫወት ትምህርቱን እንዴት ያስተምሩ? በቂ ሥልጠናም፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የሚያገናኛት ነገርም አልተሰጣቸውም። አንዳንድ ሰው ይህንንም የመምህራን ግትርነት አደረገው። እኔ መምህር ነኝና በዚህ አልስማማም። ብሎን ያሰበ ሰው መምህሩን ረስቶ ነበር።

ከዚያ በ2012 ያው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌት እንደታሸገ ሰጠ፤ ያለ አስተማሪ። ወለንጪቲ ማለት ከእኛ ከአቃቂ በቢሾፍቱና በአዳማ አልፎ የሚገኘው ነው፣ ሩቅ አይደለም። ኔግሮፖንቴ በኋላ ሲናገር፣ አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት የፈጀበት አራት ደቂቃ ነበር። ካሜራው እንዳይሠራ ተዘግቶ ነበር። በወራት ውስጥ ልጆቹ ዘዴውን አግኝተው ከፈቱት። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ስለ ላፕቶፕ ቁልፍ የሚጮኸው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል፤ በእጄ ያለው ዕቃ የእኔ ነው፣ የዘጋችሁትን ልክፈተው።

እኛ አቃቂዎች ደግሞ ይህ ነገር ሊጠፋን አይገባም ነበር። እዚሁ ሰፈራችን «አቃቂ መለዋወጫ» የሚባል ፋብሪካ አለ። ስሙን ስንጠራው ኖረን ትርጉሙን አላስተዋልነውም። የዚህ ሰፈር አባቶች በጨርቃ ጨርቁም በብረታ ብረቱም ሲሠሩ ማሽን አሮጌ ስለሆነ አይጣልም፤ የተበላው ጥርስ ተሠርቶ ይተካለታል። ከአባቷ ጋር እዚህ ያደገችን ልጅ «አሮጌ ምን ያደርግልሻል» ያልኩ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አባቷ ቢጠየቁ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ «ሲበላሽ ይፈታል ወይ?» የሚል ይሆን ነበር።

ስለዚህ ላፕቶፕ ልትገዙ ያላችሁ ልጆቼ፣ ይህችን ያዙልኝ። «ኮር አይ ፋይቭ፣ ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ራሙ የሚሰካ ነው ወይስ የተበየደ? ስንት ማስገቢያ አለው? ኤስኤስዲው ይቀየራል? ባትሪው ገበያ ላይ ይገኛል? ትምህርት ቤታችሁ ያለው ፕሮጀክተር ላይ በምን ይሰካል? ሻጩ ካላወቀ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ጽፋችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ ብዙ አምራቾች የጥገና መመሪያቸውን በነጻ አስቀምጠዋል። ከተቻለ ደግሞ ጠጋኝ ይዛችሁ ሂዱ። ከሻጭ ይልቅ ጠጋኝ እውነቱን ያውቃል። አዲስ ዕቃ የማይመች ነገር ካለውም ተናገሩ፣ ጻፉ፤ የሚያሾፍባችሁ አይጠፋም፣ አትፈሩት።

የልጅቷ ነገር እንዴት ሆነ? ደውዬላት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ ቲቸር፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችኝ። እኔ ግን አጥፍቻለሁ፤ የማላውቀውን እንደማውቅ ሆኜ ተናግሬያለሁ። ቀጭኑን ለጽሑፍ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሸጠን፣ በላዩ ትንሽ ጨምረን ሁለት የራም ማስገቢያ ያለው ወፍራም ልንፈልግ ተስማምተናል። ከሚጨመረው እኔም የድርሻዬን እከፍላለሁ። ቅዳሜ ከእናቷ ጋር እንሄዳለን። ካቻቪቴዬን ይዣለሁ፤ ሳይከፈት አንገዛም።

እናንተስ? ገዝታችሁ የተቆጫችሁበት ወይም እስካሁን ያልከዳችሁ ላፕቶፕ አለ? የሽያጭ ማስታወቂያ ሳይሆን የራሳችሁን ታሪክ ከታች ጻፉልኝ፤ ከቅዳሜ በፊት ለእሷም አነብላታለሁ።